ኤሊዋን እንመልሳት ወይስ እናሳድጋት?

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ነገር ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ከነሣኝ ሰነበተ። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስፋልት ስታቋርጥ ያገኛትን ኤሊ በደብተር ቦርሳው ይዟት መጣ። መኪና እንዳይረግጣት ብዬ ነው ያነሣኋት አለኝ። ከቦታው ብዙም ሳይርቅ ኩሬ አለ። ለጊዜው ብለን ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈን አስቀመጥናት። ጎመን ሰጠናት፣ ካሮት ሰጠናት፣ ዳቦም በወተት ነክረን ሞከርን፤ እስካሁን አንዱንም አልነካችም።

መልኳን ልንገርዎት። ቅርፊቷ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ። መጠኗ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል። ስትደነግጥ አንገቷን ወደ ውስጥ ቀጥ አድርጋ አታስገባም፤ ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ጠርዝ ሥር ትደብቀዋለች። ጥፍሮቿ ረጃጅም ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ስናነሣት መጥፎ ሽታ ለቀቀችብን። አገጯ ሥር ሁለት ትንንሽ ነገሮች ተንጠልጥለዋል፤ ልጄ ‹ጢም አላት› ይላል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ከአምስት ወር በፊት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት የሆኑት የልጄ አያት፣ አረፉ። ልጁ በእሳቸው እቅፍ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ያኔ ለቅሶውን አይቶ እንዳይረበሽ ብለን ወደ እህቴ ቤት ላክነው፤ የነገርነው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝምተኛ ሆነ። ኤሊዋ ከመጣች ጀምሮ ግን ልጄ ተመልሶልኛል። ከትምህርት ቤት እየሮጠ ይመጣል፣ ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ የዋለበትን ሁሉ ይነግራታል። ባለቤቴ ‹የዱር እንስሳ ናት፣ ወደነበረችበት ትመለስ› ይላል። ጎረቤታችን ‹ኤሊ ምንም አትፈልግም፣ ግቢ ውስጥ ልቀቋት፣ ራሷን ታኖራለች› ትለኛለች። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ‹ሽጡልኝ› ብሏል። ገና መዳህ የጀመረች ሴት ልጅም አለችኝ፤ ዓይኔን ዞር ባደረግሁ ቁጥር ካርቶኑ ዘንድ ነው የማገኛት።

ኤሊዋ ምን ዓይነት ናት? ማሳደግስ እንችላለን? መመለስ ካለብንስ የልጄን ልብ ሁለተኛ ጊዜ ሳልሰብር እንዴት ላድርገው?

የሁለት ልጆች እናት ነኝ።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ኤሊዋን ከካርቶኑ አውጥተሽ ውሃ ውስጥ አስገቢያት፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ። ሰፋ ያለ ሳፋ ይበቃል፤ ብቻ የምግብ ዕቃ የምታጥቡበት ወይም ሕፃኗ የምትታጠብበት አይሁን። ውሃው የክፍሉን ሙቀት የያዘ፣ ጥልቀቱም ቆማ አንገቷን ስትዘረጋ አፍንጫዋ በቀላሉ ከላይ የሚወጣበት ይሁን። ኤሊ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው፤ ሁለት ሳምንት ደረቅ ላይ ቆይታ ከደከመች ደግሞ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ልትሰጥም ትችላለች። ስለዚህ ወጥታ የምታርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ በአንድ በኩል አድርጊላት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አንድ ሌሊት አድሮ ክሎሪኑ የወጣለት ይሻላል፤ ዛሬ ያደረ ውሃ ከሌለሽ ግን እሱን ስትጠብቂ አትዋዪ።

እንዲህ በችኮላ የጀመርኩት ኤሊያችሁ የየብስ ኤሊ ስላልሆነች ነው። ትልቁን ፍንጭ ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ አንገቷን ወደ ጎን ታጥፋለች ብለሻል። በዓለም ላይ ካሉት ከ350 በላይ የኤሊ ዝርያዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን የሚደብቁት ወደ ኋላ ቀጥ አድርገው በመሳብ ነው። አንገታቸውን ወደ ጎን የሚያጥፉት በአፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ይገኛሉ፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት ከእነዚህ መካከል አንድም የየብስ ኤሊ የለም። ሁሉም የወንዝ፣ የሐይቅ፣ የኩሬና የረግረግ ነዋሪዎች ናቸው። የዝርያዋን ስም ባናውቀው እንኳ ቤቷ ውሃ መሆኑን አንገቷ ብቻውን ነግሮናል።

ስሟንም ቢሆን መገመት እንችላለን። ጠፍጣፋው ቅርፊት፣ ረጃጅሞቹ ጥፍሮች፣ ያ ሽታ፣ ከዝናብ በኋላ መንገድ ላይ መገኘቷ፣ በተለይ ደግሞ ልጅሽ ጢም ያላቸው ሁለቱ ትንንሽ ነገሮች ተደምረው ሳይንቲስቶች ፔሎሜዱሳ ወደሚሉት ወገን ይወስዱኛል። እነዚህ ኤሊዎች ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በሰፊው ይገኛሉ። ዝናብ ሲጥል ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ኩሬው ሲደርቅ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናቡ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ሽታው ከዕጢ የሚወጣ መከላከያቸው ነው፤ «ልቀቁኝ» ማለቷ ነበር። አውራሪስ ውሃ ውስጥ ሲተኛ ከቆዳው ላይ መዥገር ሲለቅሙለት የታዩትም እነዚሁ ናቸው። ይህችን ለልጅሽ ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።

ግምቴን የምታረጋግጡበት ነገር አለ፤ ከልጅሽ ጋር አብራችሁ ብታዩት መልካም ነው። በሁለት እጅ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ከፍ አድርጓትና የሆዷን ሰሌዳ ከሥር ተመልከቱ። የሰሌዳው የፊት ክፍል እንደ ማጠፊያ ወደ ላይ ተንቀሳቅሶ የሚዘጋ ከሆነ ፔሉሲዮስ የሚባለው የቅርብ ዘመዷ ናት፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የመጀመሪያው ግምቴ ይጸናል። ለእናንተ ውሳኔ ልዩነቱ ለውጥ አያመጣም፤ ሁለቱም የውሃ ናቸው። ከዚያ የእግሯን ጣቶች ቀስ ብላችሁ እዩ፤ በመካከላቸው ስስ ቆዳ ተዘርግቶ ታገኛላችሁ። የየብስ ኤሊ ብትሆን ኖሮ እግሮቿ ወፋፍራምና ድፍን፣ ቅርፊቷም ጉልላት የሠራ በሆነ ነበር። ስትይዟት ግን ተጠንቀቁ፤ አንገቷ ከምታስቡት በላይ ይረዝማል፣ ትነክሳለች፣ ትቧጭራለችም። ከጅራቷ በፍጹም አታንሷት፤ ጅራቷ የአከርካሪዋ ቀጣይ ነው። አራት ፎቶ ብታነሷትም ጥሩ ነው፦ ከላይ፣ ከሆዷ፣ ከጭንቅላቷ ጎን፣ ከእግሯ፤ አጠገቧ ማስመሪያ አስቀምጡ። አካባቢያችሁ ባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ስለ ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ ሰው እነዚህን አይቶ ስሟን ሊነግራችሁ ይችላል።

ለምን እንዳልበላችም አሁን ግልጽ ነው። የእሷ ዓይነት ኤሊ በአብዛኛው ሥጋ በል ናት፤ ትል፣ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪትና ትንንሽ ዓሣ ትበላለች። ደግሞም የምትበላው ውሃ ውስጥ ሆና ነው፤ ደረቅ ላይ ምግብ ብታገኝ እንኳ መዋጥ ይቸግራታል። ወተት ለማንኛውም ኤሊ አይሆንም፤ ሆዷ የሚፈጨው ነገር አይደለም። በዚህ ራስሽን አትውቀሺ። ተሳቢ እንስሳ ሰውነቱ የሚሠራው በዝግታ ስለሆነ ለሳምንታት ያለ ምግብ መቆየት ይችላል፤ የበለጠ የሚጎዳት የውሃ ጥም ነው፤ እሱን ደግሞ ሳፋው ይፈታዋል። አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ካረፈች በኋላ የመሬት ትል ወይም ቅመም ያልነካው የጥሬ ዓሣ ቁራሽ ጣሉላትና ዞር በሉላት። ሰው ቆሞ እያያት ላትበላ ትችላለች። ከበላችም ውሃውን ወዲያው ለውጡት።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። ማሳደግ ትችላላችሁ ወይ? ሰው ያሳድጋል፤ የማይቻል ነገር አይደለም። ግን ጎረቤትሽ «ምንም አትፈልግም» ያለችው ትክክል አይደለም፤ ብዙ ኤሊዎችን ለሞት የሚዳርጋቸው ይህ አባባል ነው፤ ቶሎ ስለማይሞቱ የተመቻቸው ይመስላል። እንዲህ ያለች የውሃ ኤሊ እንደ ልቧ የምትዋኝበት ገንዳ፣ ቆሻሻ የሚያጣራ መሣሪያ፣ ወጥታ የምትደርቅበት ቦታና የምትሞቅበት ሙቀት ያስፈልጋታል። ከሁሉ በላይ የፀሐይ ብርሃን ትፈልጋለች። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባውን ማለቴ አይደለም፤ መስታወት አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን ጨረር ያስቀረዋል። ያ ጨረር ከሌለ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ በበቂ አይሠራም፤ ቫይታሚኑ ከጎደለ ካልሲየሙን አትጠቀምበትም፤ አጥንቷ ይልፈሰፈሳል፣ ቅርፊቷም ይጣመማል። የዚህ ሁሉ ምልክት የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የተጣመመውን ማቃናት አይቻልም። ግቢ ውስጥ ብትለቋትም ውሃ ፍለጋ በአጥር ሥር ሾልካ ትወጣለች፤ መድረሻዋም ተመልሶ መንገድ ነው።

ዕድሜዋንም አስቢው። ከ1832 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ እንደኖረ የሚገመተው፣ በሴንት ሄለና ደሴት ያለው ጆናታን የተባለው ግዙፍ ኤሊ ከ190 ዓመት በላይ ሆኖታል። እሱ ግዙፍ የየብስ ኤሊ ስለሆነ ከእናንተዋ ጋር አይወዳደርም፤ ግን ትንንሾቹም በደህና ከተያዙ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራሉ። ልጅሽ አድጎ ከቤት ሲወጣ ገንዳውን የሚያጥበው ማነው? ይህን ስጠይቅሽ አንቺን ለማሸማቀቅ አይደለም፤ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ በሐቅ መልሱት።

ኩሬውም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። ኤሊ ለመራባት ዓመታት ይፈጅባታል። ከምትጥላቸው እንቁላሎች ከሚፈለፈሉት ግልገሎች አብዛኞቹ ለወግ አይደርሱም፤ ይህን የምታካክሰው ረጅም ዕድሜ ኖራ ደጋግማ በመጣል ነው። ስለዚህ ከአንድ ኩሬ አንዲት ያደገች ኤሊ ማንሣት የሚመጡትን ብዙ ዓመታት እንቁላል አብሮ ማንሣት ነው። ከዓለም የኤሊ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጥፋት ስጋት ላይ የደረሱት መኖሪያቸው ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከዱር እየለቀመ ለምግብና ለቤት እንስሳነት ስለሚወስዳቸውም ነው። በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ቤት ውስጥ ማቆየት በሕግ ያስጠይቃል። በ1973 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው፣ ሳይተስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በርካታ ዝርያዎችን ከድንበር ተሻጋሪ ንግድ ይጠብቃል፤ የየብስ ኤሊዎች ወገን በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ልሽጥ ወይስ አልሽጥ የሚለው ሐሳብ ለአፍታም አእምሮሽ ውስጥ ከገባ አውጪው። ሰውየው ወዴት እንደሚወስዳት አታውቂም፤ ልጅሽ ደግሞ ሊያድናት ያነሣትን ነፍስ እናቱ እንደሸጠችበት ዕድሜውን ሙሉ ያስታውሰዋል።

የሕፃኗ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ አስጨንቆኛል። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ እንኳ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ በአንጀቷ ይዛ ልትኖር ትችላለች፤ ከአንጀቷ ወደ ቅርፊቷ፣ ወደ ውሃዋ፣ ወደ ካርቶኑ ይዛመታል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኃይለኛ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፤ አንዳንዴም ወደ ደም ገብቶ ለሕይወት ያሰጋል። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ሕፃናት በዚሁ ምክንያት እየታመሙ ስላስቸገረ ነው። ስለዚህ ሳፋው ሕፃኗ በማትደርስበት ክፍል ይሁን፤ በሩ ይዘጋ። የካርቶኑን ጨርቅ አትጠቡት፣ ጣሉት። ኤሊዋን ወይም ውሃዋን የነካ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፤ የሳፋው ውሃም ወጥ ቤት አይደፋ፣ መጸዳጃ ቤት ይደፋ። ሕፃኗ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካላት ሐኪም ቤት ውሰጂያትና ቤት ውስጥ ኤሊ እንዳለ ተናገሪ፤ ሐኪሙ ምን መመርመር እንዳለበት ያውቃል።

እንግዲህ እኔ ከባለቤትሽ ጎን ነኝ፤ ኤሊዋ ትመለስ። ሕፃን ያለበት ቤት ነው፣ እንስሳዋ ጤነኛና ከዱር የመጣች ናት፣ ኩሬዋም ይታወቃል። ከተነሣችም ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ግን «ትመለስ» በሚለው ቃል ብቻ ነው ከእሱ ጋር የምስማማው፤ አመላለሱ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ።

ልጅሽ አያቱን ያጣው ሳይሰናበታቸው ነው። ያደረጋችሁት ከፍቅር መሆኑን ማንም ወላጅ ይረዳዋል፤ የሚያለቅስ ቤት ውስጥ ልጅን ማስቀመጥ አንጀት ይበላል። ነገር ግን ከእሱ አቅጣጫ ስናየው፣ ከቤት ሲወጣ የነበሩ አያት ሲመለስ የሉም፤ ነገሩ ሁሉ እሱ በሌለበት አልቋል። አሁን ከትምህርት ቤት መጥቶ ካርቶኑን ባዶ ቢያገኘው ያው ነገር እንደገና ደረሰበት ማለት ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ቀላል መስሎ ቢታይሽ እሱ በሌለበት እንዳትመልሷት። «አምልጣ ጠፋች» ብላችሁም አትዋሹት። ልጆች እንዲህ ያለውን ውሸት ቶሎ ይነቁበታል፤ ባይናገሩትም ልባቸው ውስጥ ያስቀሩታል።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው። ልጅሽ ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ቀድሞ ለአያቱ ይነግራቸው የነበረውን ይሆን? እናንተስ በእሱ ፊት የአያቱን ስም ታነሣላችሁ ወይስ እንዳይከፋው ብላችሁ ዝም ትላላችሁ? ሲያወራት ካርቶኑ አጠገብ አንቺም ቁጭ ብለሽ፣ ምንም ሳትጠይቂው ሰምተሽው ታውቂያለሽ? እንደሚመስለኝ ኤሊዋ የሰጠችው ነገር ቢኖር ሳያቋርጥና ሳያባብል የሚሰማው አንድ ሰው ነው። ይህን እናንተም ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ እሷ ከመሄዷ በፊት መጀመሩ ደግሞ ይሻላል።

ለልጅሽ ስትነግሪው ከእሱ ሥራ ጀምሪ። በእርግጥም ሕይወቷን አድኖላታል። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «መኪና እንዳይረግጣት ያደረግኸው አንተ ነህ። አሁን ደግሞ የውሃ ኤሊ መሆኗን አወቅን፤ ከኩሬ ወደ ኩሬ ስትሄድ ነው ያገኘሃት። ጉዞዋን አልጨረሰችም። ወዴት አቅጣጫ ትሄድ እንደነበር ደግሞ ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።» ይህ ልጅን ለማባበል የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ኤሊን ከመንገድ ስናነሣ ማስቀመጥ ያለብን ስትሄድ በነበረበት አቅጣጫ፣ በዚያው አካባቢ ነው። ሌላ የተሻለ የሚመስል ሐይቅ ወስዶ መጣል ይጎዳታል፤ የማታውቀው ቦታ ላይ መጠለያና ምግብ ፍለጋ ትንከራተታለች፤ የአንዱን ውሃ በሽታ ወደ ሌላው ልትወስድም ትችላለች። ያንን አቅጣጫ በዓይኑ ያየው ልጅሽ ብቻ ነው፤ መሪውም እሱ ይሁን።

ቀኑን አብራችሁ ቁረጡ። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን ባይበልጥ እመክራለሁ፤ ጠጥታ፣ ዋኝታ፣ ትንሽ ከበረታች ይበቃታል። ከመሄዷ በፊት እንድትበላ መጠበቅ የለባችሁም። እስከዚያው ድረስ በደብተር ይሣላት፣ ርዝመቷን ይለካ፣ ስትዋኝ ምን እንደምታደርግ ይጻፍ። ምናልባት በኋላ ለይቶ እንዲያውቃት ቅርፊቷን በቀለም ልቀባው ወይም ቀዳዳ ላብጅበት ይል ይሆናል፤ ብዙ ልጆች ይህን ይጠይቃሉ። እንዲህ ካለ ቅርፊቷ ከአከርካሪዋና ከጎን አጥንቶቿ ጋር የተዋሐደ የገዛ አካሏ መሆኑን፣ ሲነካም እንደሚሰማት ንገሪው። ምልክት ካስፈለገው ፎቶ ይበቃዋል፤ የቅርፊቷ ጠባሳና የሆዷ ቀለም የራሷ ነውና።

የመመለሻው ቀን ጠዋት ወይም ፀሐይ ሲበርድ ይሁን። ክዳኑ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ውሰዷት፤ በመንገድ ላይ ውሃ አትሙሉበት። ከመንገዱ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከኩሬው ዳር ጥቂት እርምጃ ሲቀር መሬት ላይ አስቀምጧትና ወደ ኋላ በሉ። ወደ ውሃ አትወርውሯት፤ ራሷ ትገባለች። ቆማ ብትቆይም አትቸኩሉ። ልጁ ሊላት የሚፈልገው ነገር ካለ ይበላት። ቢያለቅስ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት፤ አብራችሁ ቁሙ። የሚያለቅሰው ለኤሊዋ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አያቱን ቢያነሣ ወሬውን አትቀይሩበት። በእሳቸው ጊዜ ምን ሆኖ እንደነበር፣ ለምን ወደ አክስቱ ቤት እንደተላከ፣ በሚገባው ቃል ንገሩት። የተቀበሩበትን ማየት ከፈለገ ይዛችሁት ሂዱ።

ይህ ሁሉ ግን ኤሊዋ ጤነኛ ከሆነች ነው። ዓይኗ ካበጠ ወይም ካልተከፈተ፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ውሃ ላይ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ የምትንሳፈፍ ከሆነ፣ ቅርፊቷም ተሰንጥቆ ከሆነ አትልቀቋት፤ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ያያት። ይህን የምታነቡ ሌሎች ደግሞ ያገኛችኋት ኤሊ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ካላት ቆም በሉ። ይህች ከአሜሪካ የመጣች፣ በዓለም ዙሪያ ለቤት እንስሳነት ስትሸጥ የኖረች ዝርያ ልትሆን ትችላለች። ከተወላጅ ምድሯ ውጭ የአገሬውን ኤሊዎች ምግብና ቦታ የምትሻማ በመሆኗ፣ ወደ ኩሬ ከመልቀቅ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነው የሚገባው። የእናንተዋ አንገቷን ወደ ጎን ስለምታጥፍ ይህች አይደለችም።

ከዚያ በኋላ ዝምታው ሊመለስ ይችላል፤ ለጥቂት ሳምንታት ቢሆን አትደንግጪ። በማግስቱ ሌላ እንስሳ ገዝታችሁ ቦታዋን ለመሙላት አትቸኩሉ። ኩሬውን ለማየት ሲፈልግ ከእናንተ አንዱ ይዞት ይሂድ፤ ብቻውን ግን ውሃ ዳር አይሂድ። ዝምታው ለወራት ከዘለቀ፣ እንቅልፉ ወይም ትምህርቱ ከተበላሸ፣ ከልጆች ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያየው ጥሩ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ውሳኔውን ስትነግሪው አባቱም አብሮ ይቀመጥ። «ትመለስ» ያለው እሱ ስለሆነ ልጁ ኤሊዋን አባቴ ነጠቀኝ ብሎ እንዲያስብ አልፈልግም። አባትየውም አባቱን ያጣ ሰው ነው፤ ስለ እሳቸው ለልጁ የሚነግረው ከማናችሁም በላይ እሱ ጋ ይኖራል። ባለቤትሽን ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ይህን ደብዳቤ አስነብቢው፤ ቀኑንም ከልጁ ጋር ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለታችሁ ተነጋገሩበት።